አርባ ሜትሮይድና አንድ ጥርኝ ውሃ

ቅዳሜ

መስከረም ለባሕር ዳር ያምርባታል። ዝናቡ ጨርሶ አላቆመም፣ ግን ሰማዩ ጠርቷል፣ መሬቱ አረንጓዴ ነው። ከአውሮፕላኑ መስኮት መጀመሪያ የታየኝ ጣና ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ስለሆነ ከላይ ሆነው ሲያዩትም ማዶው ቶሎ አይገኝም። ከቦሌ ተነስተን ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እስክናርፍ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀብን።

ቦርሳዬ ውስጥ ከልብስ ሌላ አንድ ስሪ-ዲኤስ አለ። የኒንቴንዶ ባለ ሁለት ስክሪን የእጅ ጌም ነው። ኩባንያው ለዚህ ዕቃ በኢንተርኔት መሸጥ ካቆመ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው የዘጋው። አሁን የሚገኘው ካሴቱ ብቻ ነው። የኔን ከውጭ የመጣ ጓደኛዬ አመጣልኝ። «ሜትሮይድ፦ ሳመስ ሪተርንስ» ይባላል። አዲስ አበባ ጀምሬው መጨረሻው አካባቢ ደርሻለሁ። የቀረውን ሆን ብዬ ለዚህ ጉዞ አቆየሁት።

አክስቴ ቤት ቡና ጠጥተን ከልጃቸው ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ልጁ ፖሊ ቴክኒክ ይማራል። ጌም ይወዳል፣ ግን እሱ የሚያውቀው የኳስ ጌም ነው። ዘንባባው ሥር እየሄድን፣ «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን አሳየሁት።

ታሪኩ አጭር ነው። ሳመስ አራን የምትባል በሕዋ ውስጥ እየዞረች አደን የምትወጣ ተዋጊ አለች። ሜትሮይድ የሚባሉ ደግሞ የሌላውን ነፍስ መጥጠው የሚጨርሱ ፍጥረታት አሉ። መገኛቸው ኤስአር 388 የሚባል ፕላኔት ነው። ሳመስ ወደዚያ ወርዳ አንድም ሳታስቀር እንድታጠፋቸው ታዘዘች። ስክሪኑ ላይ ቁጥር አለ። 40 ብሎ ይጀምራል፣ አንድ በገደሉ ቁጥር አንድ ይቀንሳል። ከጎን እየታየ የሚሄድ ጌም ነው፤ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ ትተኩሳለች፣ ክብ ሆና በቀዳዳ ትሾልካለች። ዋናው ሥራ ግን ዋሻውን ማሰስ ነው። ዛሬ ያልተከፈተልህን በር ነገ አዲስ ኃይል አግኝተህ ተመልሰህ ትከፍተዋለህ።

ይህ ጌም መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ጌም ቦይ ለሚባለው የኒንቴንዶ አሮጌ የእጅ ጌም ነበር። ጌም ቦይን ራሱን ከፈጠሩት ሰዎች ዋናው ጉንፔ ዮኮይ የዚህም ጌም ፕሮዲውሰር ነበር። ያኔ ስክሪኑ ቀለም አልነበረውም፤ ከደማቅ እስከ ደብዛዛ አራት ዓይነት ጥላ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሳመስ ጠንካራውን ልብስ ስትለብስ በቀለም መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ትከሻዋ ላይ ሁለት ትልልቅ ክቦች አደረጉላት። ያ ትከሻ ዛሬ ድረስ መታወቂያዋ ነው። ከእጥረት የመጣ ነገር ሲያምር እንደማየት የሚያስደስተኝ የለም።

አዲሱን ስሪት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መርኩሪስቲም የሚባል የማድሪድ ስቱዲዮ ነው፣ ከኒንቴንዶ ጋር ሆኖ። ከኒንቴንዶ በኩል ሥራውን የመራው ዮሺዮ ሳካሞቶ ነው። እሱ ደግሞ ከዚህ ጌም ቀድሞ በ1986 ከወጣው የመጀመሪያው ሜትሮይድ ጀምሮ ያለ ሰው ነው።

ልጁ ሁለት ጊዜ ሞቶ መለሰልኝ። «ከባድ ነው» አለ። ግን ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ቀርቷል።

እሑድ

አክስቴ ሳይሳለሙ የሚጀመር ነገር አይወዱም። ጠዋት ጊዮርጊስ ሄድን። ከዚያ ሐይቁ ዳር አሳ ተበላ። ሙሉ የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር። ስለዚህ አሳ ብዙ መጻፍ ይቻላል፣ ዛሬ ግን ሌላ ሥራ አለብኝ።

ከሰዓት ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ወንበር አወጣሁ። ልጁ በአንድ በኩል፣ ስምንተኛ ክፍል የምትማረው እህቱ በሌላ በኩል ተቀመጡ። ልጅቷ ትንሽ አየችና «ውይ፣ ወታደሩ ወደቀ!» አለች። «ወደቀች» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ሴት ናት እንዴ?» እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያውን ጌም ቶሎ የጨረሱ ሰዎች ያንኑ ነው ያሉት። እስከ መጨረሻው ድረስ ብረት ለባሹ ማን እንደሆነ አልተነገራቸውም ነበር። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ልጅቷ ከወንበሯ አልተነሳችም።

ሜትሮይዶቹ በአንድ መልክ አይቆዩም። እያደጉ ሌላ ይሆናሉ። አልፋው ይበርራል፣ ጋማው መብረቅ ይተፋል፣ ዜታው እግር አውጥቶ ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ ኦሜጋው ስክሪኑን ይሞላዋል። ሀሜቴን አሁኑኑ ልናገር፤ አልፋና ጋማው በዝተዋል። ጋማው ደግሞ ሊሞት ሲል ወደ ሌላ ክፍል ይሸሻል። አንዴ ማሳደድ ጥሩ ነው። ሲደጋገም ይሰለቻል።

ዲገርኖትን ግን አደንቃለሁ። መሬት የሚቆፍር ግዙፍ ሮቦት ነው። መጀመሪያ ዝም ብሎ ተጋድሞ ነው የሚያዩት፤ ማንም አያስረዳም። ቆይቶ ይነሳና ዋሻውን እያፈረሰ ከኋላ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ፊት ለፊት መግጠም አለ። ፍርሃቱን ቀስ ብለው ነው ያሳደጉት። ይህ በአሮጌው ጌም ውስጥ የለም፣ እንኳን ጨመሩት።

መጨረሻው ላይ ቁጥሩ አንድ ሊቀረው ሲል ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። ያላደጉ ሜትሮይዶች ተፈልፍለዋል። ልጆቹ ጮኹ። እነዚህን በበረዶ ጨረር አቀዝቅዘው ሳያደርቁ በሚሳይል መምታት አይቻልም። ሳይደርቁ ከደረሱብህ ጭንቅላትህ ላይ ተለጥፈው ኃይልህን ይመጥጡታል። ከነሱ በኋላ ንግሥቲቱ ናት። አፏን ስትከፍት ክብ ሆኖ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቦንብ መጣል ይቻላል። ይህን ለልጁ ስነግረው አላመነኝም። ሲያየው ከወንበሩ ተነሳ።

ንግሥቲቱ ሞተች። ከዚያ የቀረች አንዲት እንቁላል ናት። ተሰነጠቀች፣ ትንሽ ሜትሮይድ ወጣች። ሳመስን እንደ እናት አየቻት፣ ዙሪያዋን ዞረች። ሳመስ ያን ሁሉ ገድላ የመጣች ናት። ትእዛዙም አንድም አይቅር የሚል ነው። አልተኮሰችም።

ግቢው ውስጥ ማንም አልተናገረም። ልጅቷ ብቻ ቀስ ብላ «ይዛት ልትሄድ ነው?» አለች።

አሮጌው ጌም ከዚህ በኋላ የሚያደርገውን አውቃለሁ። ወደ መርከቡ መውጣት ብቻ ነው። ጠላት የለም። ለስላሳ ዜማ አለ፣ ሕፃኗ ከፊት ከኋላ እያለች መንገድ የዘጋውን እየበላች ትከፍትልሃለች። ያን ሁሉ የገደልክበትን ዋሻ ትተህ ከአንዲት ነፍስ ጋር ትወጣለህ። በ1991 እንዲህ ያለ መጨረሻ ያሰቡ ሰዎች ትልቅ ነገር አስበዋል።

አዲሱ ላይ ሕፃኗ አለች፣ የዘጋውን ክሪስታል ትበላለች፣ ይህ ያምራል። ግን ጠላቶቹም በየመንገዱ አሉ። መርከቡ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ሪድሊ ከሰማይ ይወርዳል። ክንፍ ያለው፣ የሳመስ የቆየ ጠላት ነው። ረጅምና ኃይለኛ ፍልሚያ ነው። እንደ ፍልሚያ ካየነው ከጌሙ ምርጦች አንዱ ነው፤ ሕፃኗም ገብታ ትረዳለች። ልጁ «ይሄ ነው መጨረሻ!» ብሎ ወንበሩን መታ። እኔ ግን አዘንኩ። ሠሪዎቹ ዝምታውን ፈሩት። ተጫዋቹ ፍልሚያ ሳያይ አይጠግብም ብለው አሰቡ፣ ባዶ የነበረውን ቦታ ሞሉት።

ጌሙን ጨረስኩት። አክስቴ «በቃ? አሁን እራት ቅረብ» አሉ።

ሰኞ

ዘጌ ለመሄድ ጠዋት ጀልባ ያዝን። ልጁ ክፍል አልነበረውም። ባለ ጀልባው ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ ሐይቁን እንደ ሰፈራቸው ያውቁታል። በታንኳ አሳ የሚያጠምድ ሰው ስናልፍ ሞተሩን ቀነሱት። «ማዕበሉ እንዳይገለብጠው» አሉ። ታንኳው ከደንገል የታሰረ ነው። ሰውየው ልብሱ እንዳይርስ እግሩን ሰብስቦ ተቀምጧል። ውሃው በደንገሉ መካከል ገባ ወጣ ይላል፣ ታንኳው ግን አይሰምጥም።

አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ዘጌ ደረስን። ከወደቡ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ ጫካ ለጫካ ነው። ቡና፣ ገሾ፣ ሎሚ። ዘጌ ላይ ሞፈርና ቀንበር አይገባም፤ ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም የከለከሉት ነው ይባላል። ለዚያ ነው ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው። የቡናው ፍሬ ገና አረንጓዴ ነበር።

መንገዱ ብዙ ቦታ ይከፈላል። አስጎብኚ ሊይዘን የመጣውን ልጅ በኋላ ብለነው ብቻችንን ሄድን። እዚህ ላይ ስለ ካርታ አሰብኩ። የ1991ዱ ሜትሮይድ ካርታ አልነበረውም። ዋሻው ሁሉ ይመሳሰላል፣ ስለዚህ ድንጋዩን፣ ጣሪያውን፣ የውሃውን ቦታ በዓይንህ መያዝ ነበረብህ። አዲሱ በታችኛው ስክሪን ጥሩ ካርታ አለው። ምልክት መትከል ይቻላል። ይህን እወደዋለሁ፤ ሥራ ያለው ሰው ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ የት እንደነበረ ያገኛል። ያልወደድኩት የስካን ፐልሱን ነው። አንድ በተን ስትጫን ማዕበል ይወጣና በዙሪያህ ያለው ካርታ ይገለጣል፣ የሚፈርሰው ግድግዳም ያበራልሃል። ግድግዳውን ማየት ትተዋለህ። ያ ሁሉ የሠሩት ውብ ጀርባ፣ በጥንት ጊዜ እዚያ የነበሩት የወፍ መልክ ያላቸው የቾዞዎች የፈረሰ ከተማ፣ በስሪዲው ጠልቆ የሚታየው ዋሻ፣ ሳታየው ያልፋል። መጠቀም ግዴታ አይደለም የሚል ይኖራል። ግን አንዴ ከተሰጠህ እጅህ ራሱ ይጫነዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ቅኔ ማኅሌቱን አልፈን ወደ ቅድስቱ ስንገባ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ሥዕሉ ሸማ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ያስጎበኙን ካህን በቀጭን ዘንግ እያመለከቱ ያስረዱናል። በላዔ ሰብእ ጋ ሲደርሱ ዘንጉ ቆመ።

ታሪኩን ሁላችንም ከልጅነት እናውቀዋለን። 78 ሰው የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን በውሃ ጥም የሚቃጠል ድውይ አገኘ። ድውዩ ለመነው፣ እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ ያች ጥርኝ ውሃ 78ቱን ነፍስ መዘነች። ካህኑ «ብዙ አይደለም፣ አንድ ጥርኝ ናት» አሉ፣ እጃቸውን ጎድጎድ አድርገው እያሳዩን።

የጌምን ነገር ከቅዱስ ታሪክ ጋር ማስተካከሌ አይደለም። ግን ትናንት ያሳዘነኝ ምን እንደነበር እዚያ ቆሜ ገባኝ። ሳመስ ያን ሁሉ ከገደለች በኋላ አንዲቷን ተወቻት። የዚህ ጌም ክብደት በሙሉ ያለው እዚያች ላይ ነው። ሠዓሊው ከጥርኟ ውሃ በኋላ ሌላ ጦርነት አልሣለም። መርኩሪስቲሞች ግን ሣሉ።

ስንመለስ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ጉማሬ አየን። ጆሮና አፍንጫ ብቻ። ልጁ ስልኩን እስኪያወጣ ጠለቀ።

ማክሰኞ

ዝናብ። ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ማታም አልመጣም። ስሪ-ዲኤሱ ቻርጅ ጨርሷል። ሻማ በርቶ ክርክር ብቻ ቀረልን።

ክርክሩ ስለ መልሶ ማጥቃት ነው። አዲሱ ጌም ላይ ፍጥረቱ ወደ አንተ ሲወረወር ብልጭ ይላል። በዚያች ቅጽበት በተኑን ከተጫንክ ሳመስ በክንዷ ትመታዋለች፣ ፈዝዞ ይቆማል፣ ትጨርሰዋለህ። ልጁ ከጌሙ ሁሉ የወደደው ይህን ነው። «ኳስ ላይ በረኛን እንደማለፍ ነው» ይላል። እውነት አለው፣ ያረካል። ቆሞ በፈለጉት አቅጣጫ ማነጣጠሩም ትልቅ ለውጥ ነው።

እኔ ግን ሌላ ነገር አለኝ። በአሮጌው ጌም አብዛኞቹ ፍጥረታት ስላንተ ግድ የላቸውም። ግድግዳ ላይ ይሄዳሉ፣ ከወዲያ ወዲህ ይበርራሉ። ቤታቸው ነው። የመጣሽው አንቺ ነሽ ይሏታል ሳመስን፣ ያለ ቃል። አዲሱ ላይ ትንሿ የሌሊት ወፍ እንኳ እንዳየችህ ትወረወራለች፤ ካልሆነ መልሶ ማጥቃቱ አይሠራማ። ሁሉም ሊገድልህ ከመጣ ደግሞ መግደልህ ጥያቄ አይሆንም። የመጨረሻዋ ምሕረት ከየት ትመጣለች ታዲያ? በየመንገዱ ጥርጣሬ ካልገባህ መጨረሻው ላይ አለመተኮስ እንዴት ይከብድሃል?

እህቱ ከብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና «እኔ ግን ለትንሿ ከመጀመሪያውም አዝኛለሁ» አለች። ልጁ መልስ አጣ። አክስቴ «ተኙ እንግዲህ» አሉ።

ረቡዕ

ጢስ ዓባይ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነበር። ወደ ፏፏቴው ስንወርድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻገርን። ድልድዩ ሥር ዓባይ በጠባብ ገደል ተጨንቆ ይሄዳል። አንድ አህያ ጭነት ይዛ አልፋን ሄደች።

ውሃው ሙሉ ነበር። 40 ሜትር ከሚያልፍ ገደል ሲወድቅ ድምፁ ደረት ላይ ይሰማል፣ ጢሱ ልብስ ያረጥባል። ግን አብሮን የወረደው የአካባቢው ልጅ «ሁልጊዜ እንዲህ እንዳይመስላችሁ» አለ። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል። መጀመሪያ በ1964፣ ከዚያ በ2001 እ.ኤ.አ. የተከፈቱ ማመንጫዎች አጠገቡ አሉ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይም ግድብ አለ፤ ሐይቁ የሚለቀው ውሃ የሚወሰነው እዚያ ነው። በበጋ የመጣ ሰው ቀጭን ክር ብቻ አይቶ ሊመለስ ይችላል።

ኤስአር 388 ላይም መንገድ የሚዘጋው ፈሳሽ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ የሚያቃጥል። ሜትሮይድ ገድለህ ዘረ መሉን በቾዞዎቹ ሐውልት ላይ ስታስገባ ፈሳሹ ይወርዳል፣ ወደ ታች ያለው ዋሻ ይከፈታል። በአሮጌው ጌም ምድር ተንቀጥቅጣ ነበር የሚወርደው፣ ለምን እንደሆነ አይነገርህም። አዲሱ ምክንያት ሰጠው፤ ቾዞዎቹ ያኖሩት ቁልፍ ነው። ይህን ለውጥ ተቀብዬዋለሁ። ሜትሮይዶቹን የፈጠሩትም ቾዞዎቹ መሆናቸውን ላወቀ ሰው ቁልፉ ትርጉም አለው። የተደበቁ ዕቃዎችን ስትሰበስብ የሚከፈቱት ሥዕሎችም ይህንኑ ይናገራሉ፤ አንድ መስመር ጽሑፍ የላቸውም። እዚህ ጋ ሠሪዎቹ ዝምታን አልፈሩም። ይህን ካወቁ ሪድሊን ለምን አመጡ?

ሐሙስ

ከሰዓት በረራ አለኝ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ጁስ እየጠጣን ለልጁ ቀሪውን ነገርኩት። የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ካለፈ በኋላ አንዲት አጭር ትዕይንት አለች፤ ሜትሮይዶቹ ባለቁበት ፕላኔት ላይ ሌላ ጥገኛ ነገር ብቅ ይላል። ሜትሮይዶቹ የተፈጠሩት እሱን እንዲበሉ ነበር። ይህ በ2002 በወጣው «ሜትሮይድ ፊውዥን» ላይ ተነግሯል። ስለዚህ ትእዛዙ ራሱ የተሳሳተ ነበር። አንድም ሳይቀር ማጥፋት ሌላ መቅሠፍት ፈታ። ይህች ትዕይንት አዲሱ ላይ የተጨመረች ናት፣ ከሪድሊ ሁሉ ትበልጥብኛለች።

ስሪ-ዲኤሱንና ካሴቱን ለእነሱ ተውኩላቸው። ልጅቷ ማታ ከዜሮ ጀምራለች። ልጁ መልሶ ማጥቃቱን ሊያሳያት ሲሞክር «ተወኝ፣ ራሴ ላግኘው» አለችው። ካርታውን ግን ትወደዋለች፣ በየቦታው ምልክት ትተክላለች።

የቱን ቀድሜ ልጫወት ለሚለኝ መልሴ የ1991ዱን ነው። በኒንቴንዶ ስዊች የጌም ቦይ ጌሞች ውስጥ አለ። ይከብዳል፣ ያስጠፋል፣ ግን አጭር ነው። ከዚያ ወደ 2017ቱ ይሂድ። በቀለም፣ በእንቅስቃሴና በፍልሚያ ሩቅ ትቶት ሄዷል፣ ይህን ልክድ አልችልም። እንቁላሏ ስትሰነጠቅ ግን ቆም ይበል። ሪድሊ ከመምጣቱ በፊት ያሉትን ክፍሎች አይሩጥባቸው። ሕፃኗ ክሪስታሉን ስትበላ ይያት።

ልጁ ቦርሳዬን ይዞልኝ እስከ ባጃጁ ሸኘኝ። «ጋሼ፣ ሪድሊ ግን ጥሩ ነበር» አለኝ። አሁንም አልተስማማንም።